ገመድ ለገመድ አልባ

ሐሙስ ማታ ነበር፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ከወደቡ መጣሁ፣ ከሚዛኑ ሥራ።
ጣቶቼ ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ፣ ደብተሬም ጭምር፤
ቅርፊት ተጣብቆበታል ከሰኞው ቁጥር።
ቀረሶ ስንት ኪሎ፣ አምባዛ ስንት ኪሎ፣
በየትኛው መረብ፣ በየማን ጀልባ ውሎ፣
ለዓርብ ሦስት ሰዓት ይላክ ተብሎ።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ሦስት እጅ ያለፈ፣
የ«አ» ቁልፉ ከላዩ ቀለሙ የረገፈ።
ዊንዶውሱ ከብዶት ትንፋሽ ሲያጥረው፣
አንማው ነው ባለፈው ሊኑክስ የጫነው፤
«ነፃ ነው» እያለ፣ «ቫይረስም አያውቀው»።
ነፃነት ደግ ነው።
ዋይፋዩንም አብሮ ነፃ ለቀቀው።

ከማያው ጥግ ላይ ያቺ ማራገቢያ፣
ሦስት ቅስት ያላት የሞገድ ማሳያ፣
የለችም። ቅንብሩን ከፈትኩት፤ «አስማሚ አልተገኘም»
ይላል እንደ መዝገብ ቤት ሹም፤ ቀና ብሎም አላየኝም።
አንተንና እኔን አስማሚ፣ ወንድሜ፣ ከየት ላምጣ?
በዚህ ሌሊት ሽማግሌ ከቤቱ አይወጣ።

አንማው ጋ ደወልኩኝ፤ ግማሹ ተኝቷል።
«ጥቁሩን መስኮት ክፈቺ።»
ተከፍቷል።
«ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ፤ ክፍተት የለም መሃሉ።»
ነጭ ፊደል ዘነበ፣ የሆዱ ዕቃ ሁሉ፤
ካርዱም አለ፣ ከነስሙ፣ ከነቁጥሩ፣
እንደ ሰው በቤቱ፣ እንደ ዓሣ በባሕሩ።
«ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ።» መስመሩ እየነጎደ አለፈ፤
አንዱ ላይ፣ ቀዩ ላይ፣ ዓይኔ ሄዶ አረፈ፦
ፈርምዌሩ አልተገኘም፤ ስሕተት፣ ሲቀነስ ሁለት።
አካል ኖሯል ለካ፣ እስትንፋስ ያልነፉበት።

«ፋይሏ ትንሽ ናት» አለ፣ «ከኢንተርኔት አውርጃት።»
ዝም አልኩት።
ዝም አለኝ። ያላትን ቃል ራሱ ሰማት።
መረብ ለማጥመድ መረብ፤
ጀልባዋ ማዶ ቆማ «ተሻግረሽ ውሰጂኝ» ስትል ከወደብ።

«ስልክሽን ሰኪበት» አለኝ፣ «በገመድ ይጠጣ።»
የኔ ገመድ ቻርጅ እንጂ ዳታ አያመጣ።
ሙሉሰው ጋ ወረድኩ፣ ባለሞተር ጀልባው ጋ፣ ከበሩ ሥር ካለበት፤
«ገመድ አውሰኝ» አልኩት፣ «ገመድ አልባውን ላስነሣበት።»
«እስቲ ደግመሽ በይው።»
ደገምኩለት።
እየሳቀ ከሚስማሩ ላይ አወረደልኝ፤
አንገቱ ተቀጥፎ
በመረብ ክር የታሰረ ገመድ።

ሃያ ሦስት ሜጋ። አሥር በመቶ ሲል፣ ሲያነክስ፣ ሲቆም፣
ከሐይቁ አንድ ነገር አጉረመረመ፤
ጉማሬ ይሁን ሞተር አልለየሁም።
ፋይሏን ከቦታዋ አኖርኳት፤ አጥፍቼ አስነሣሁት፤
ማራገቢያዋ መጣች!
መብራት ሄደ፣ በዚያችው ቅጽበት።
ባትሪው ችሎ ቆሟል፣ ካርዱም ነፍስ ዘርቷል፤
የሰፈሩ ራውተር ግን ሁሉም ተኝቷል።
«በአቅራቢያው ምንም የለም» ይላል። እውነቱን ነው።
ጨለማ ላይ ቁጭ ብዬ የምሰማው ሐይቁን ነው፤
ድንጋዩን ይነካል፣ ይተወዋል፤
ይነካል፣ ይተወዋል፤
መልስ የሚጠብቅ አይመስልም።

ስድስት ሰዓት አልፎ መብራቱ ሲመለስ
አንድ ባንድ ብቅ አሉ፣ እንደ ጧፍ ሲለኮስ፦
ዓባይ ማዶ ፋርማሲ።
ደንገል ፔንሲዮን፣ ሁለተኛ ፎቅ።
አትልፉ አይከፈትም።
የአከራዬ ልጅ፣ በገዛ ስሟ፣ ፍሬሰላም፣
ከጎኑ አንዲት አበባ ያለችበት።
ይህ ሁሉ ስም በአናቴ ላይ ሲመላለስ አምሽቷል፣
እኔ ብቻ ነኝ ቤቱ ባዶ የመሰለኝ።
የፍሬሰላምን ቁልፍ አውቀዋለሁ፤ የልደቷ ቀን ነው።
ገባሁ። ሰንጠረዡ ሄደ፣
ቀረሶውም፣ አምባዛውም፣ የሰኞው ቅርፊት ሲቀር።

ጠዋት አንማው መጣና፣ «ስልኩ ተሰክቶ ሳለ
ሰንጠረዡን በዚያው ለምን አልላክሽውም?» አለ።

ዝም አልኩት፤
ማታ እሱ ዝም ያለኝን ያህል።

ገመዱን እስከ ዛሬ ለሙሉሰው አልመለስኩም።